ስለ ደን አገር ባለ እጆች ለአገር ገዥዎችና ለባለይዞታዎች የቀረበ አሳብ

ክቡራን የአገር አስተዳዳሪዎች፣ ባለይዞታዎችና የወረዳ ሹማምንት ሆይ፤

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ እኽል፣ ስለ ከብትና ስለ ቡና ብዙ ጊዜ ተጽፎ እናነባለን፤ ይህም የሚገባ ነው። ዳሩ ግን ማረሻውን ስለሚቀጠቅጠው፣ ቀፎውን በዛፍ ላይ ስለሚሰቅለው፣ ጀበናዋን ስለምትጠፈጥፈውና በርጩማውን ስለሚጠርበው ሰው የሚጽፍ ጥቂት ነው። ገበሬ ያለ ማረሻ አያርስም፤ ቡናም ያለ ጀበና አይፈላም። እንግዲህ የእርሻን ነገር የሚመለከት መጽሔት የባለ እጅን ነገር ቢመለከት ከመንገዱ ወጣ አያሰኘውም ብዬ ይህን አሳቤን በትሕትና አቀርባለሁ።

የጽሑፌ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። በደን አገር የሚኖር ባለ እጅ የደኑ ጠላት አይደለም፤ በሥርዓት ከተያዘና ከተከበረ ከጠባቂዎቹ ሁሉ የበለጠ ጠባቂ እርሱ ነው። ነገር ግን እኛ የመንግሥት ሰዎች ብዙ ጊዜ በሁለት ነገር እንበድለዋለን፤ አንደኛ ሥራውን እንንቃለን፣ ሁለተኛም እርሱን ከእንጨት ዘራፊ ለይተን አናይም። ንቀቱ ልጁን ከሥራው ያስኮበልለዋል፤ አለመለየታችንም አባቱን በኬላ ላይ ያስይዘዋል። ሁለቱ ሲሠሩ ጥበቡ ይጠፋል፤ ጥበቡ ከጠፋም ለዚያ ሰው ደኑ ለማገዶና ለእርሻ ብቻ የሚፈለግ ነገር ይሆናል።

አሳቤ በወሬ ላይ የቆመ እንዳይመስል አንድ አገር ይዤ እናገራለሁ። ከጅማ ተነሥቶ በቦንጋ በኩል አድርጎ ወደ ማሻ የሚሄድ መንገደኛ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቀረውን ታላቁን ደን ያያል። ከላይ ቀረሮው፣ ጌተሙ፣ ዋንዛውና ብሳናው ቆመው፣ ከሥራቸው ቡናው በራሱ በቅሎ፣ ከቡናውም ሥር ኮረሪማው ተሸሽጎ ይገኛል። ይህ አገር የዓረቢካ ቡና መነሻ ነው። የከፋና የያዩ ደኖች በ2002 ዓ.ም.፣ የሸካም ደን በ2004 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብለው ተመዝግበዋል። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህም ከፋና ሸካ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ይተዳደራሉ፤ ጅማና ያዩ በኦሮሚያ ክልል ናቸው። እንግዲህ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ደን ነው። ነገር ግን ዓለም ስለ ዛፉና ስለ ቡናው ሲያወራ በዛፉ ሥር ተቀምጦ የሚጠርበውን ሰው የሚጠራው ጥቂት ነው።

ከጠራቢው ልጀምር። የጅማ በርጩማ የተባለው ባለ ሦስት እግር መቀመጫ ከአንድ ግንድ የሚወጣ ነው። እግሩና መቀመጫው አይገጣጠምም፤ ምስማርም ሙጫም አይገባበትም። ጠራቢው እንጨቱን ርጥብ ሳለ በምሳር ቅርጽ ያወጣለታል፤ ከዚያ በኋላ በጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይተወዋል፤ ፀሐይ ከመታው ይሰነጠቃልና። ሲደርቅም በመሮና በቢላዋ ያስተካክለዋል፣ ያለሰልሰዋልም። ለዚህ ሥራ ዋንዛ የሚመረጠው በከንቱ አይደለም። እንጨቱ ለመሣሪያ የሚታዘዝ፣ ቀለሙ የሚያምር፣ ብዙ ዘመንም የሚቆይ ነው። በጅሬን የሚገኘውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው የዚያ አገር ሰዎች በእንጨት ምን ያህል እንደ ተራቀቁ ያውቃል። በየቤተ ክርስቲያናችን ያለው ከበሮና የብዙዎቹ የብራና መጻሕፍት ገበታ ከዚሁ ከዋንዛ የተሠራ መሆኑን ልብ ልንል ይገባናል።

ቀፎ ሠሪውም እንደዚሁ ነው። ግንድ ፈልፍሎ ወይም ቀርከሃና ሐረግ ጠምዝዞ፣ በቅጠልም ሸፍኖ ቀፎ ያበጃል፤ ከዚያ በገመድ እየተሳበ በረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ይሰቅለዋል። ገመዱን የሚፈትለው ከእንሰት ቃጫ ነው፤ እንሰቱንም የምትፍቀው ሴት ናት። ጌተም ሲያብብ ንቦቹ ነጩን ማር ይሠራሉ፤ ግራዋ ሲያብብ የሚሠሩት ደግሞ ሌላ መልክና ሌላ ጣዕም አለው። አገራችን በማር ብዛት ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ቀዳሚ የሆነችው በእነዚህ ሰዎች ድካም ጭምር ነው። አሁን አስተውሉ፤ ቀፎ የሰቀለ ሰው ያንን ዛፍ ይቆርጠዋልን? ሌላውስ ሲቆርጠው ዝም ብሎ ያያልን? አያይም። ጫካ ከጫካ የሚለይበት፣ ይህ የእገሌ ዛፍ ነው የሚባልበት ልማድ ያለው በቀፎው ምክንያት ነው። ስለዚህ አንድ ቀፎ የአንድ ዘበኛን ያህል ይጠብቃል ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም፤ ደመወዙንም ንቦቹ ይከፍላሉ።

አንጥረኛው ደግሞ አለ። ቀድሞ ብረቱን ከአፈር ያቀልጥ ነበር፤ ዛሬ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ይቆርጣል። ወናፉን እየነፋ ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ዶማውንና የጠራቢውን ምሳር ይሠራል፤ የተበላሸውንም ይሞርዳል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ አንጥረኛ ባይኖር በመኸር መግቢያ ላይ ማረሻው የተሰበረበት ገበሬ የገበያ ቀን እስኪደርስ ቁጭ ማለቱ ነው፤ ዝናቡ ግን ቁጭ ብሎ አይጠብቀውም። ሸክላ ሠሪዋም ጭቃውን ከምታውቀው ጉድጓድ ቆፍራ፣ ፈጭታና አቡክታ፣ ያለ መንኰራኵር በእጇ ብቻ ድስቱን፣ ምጣዱን፣ እንስራውንና ጀበናውን ትሠራለች፤ በሣርና በእንጨትም ታቃጥለዋለች። ሸማኔው ጋቢውንና ነጠላውን ይሸምናል። ቀርከሃ ሠሪው ቅርጫቱን፣ ጐተራውንና አጥሩን ይሠራል። እነዚህ ሁሉ አንዱ ለሌላው መሣሪያ የሚያቀብሉ ናቸው፤ አንዱ ሲጐድል የሁሉም ሥራ ይጐድላል።

እንግዲህ ለእነዚህ ሰዎች የምንሰጣቸው ዋጋ ምንድን ነው? እውነቱን ለመናገር ያሳፍራል። አንጥረኛውን ጠይብ፣ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ እያልን ከማዕድ እናርቃቸዋለን። በብዙ አገር ልጃቸውን ለጋብቻ የሚጠይቅ የለም፤ በዕድር አይገቡም፤ በጉባኤም ከኋላ ይቆማሉ። በከፋና በሸካ ማንጆ የተባሉት ወገኖች ከደኑ ጋር እጅግ የተዋወቁ ሲሆኑ ከሁሉ በታች ተደርገው ኖረዋል። በቡናችን እንመካለን፤ እንግዳ ሲመጣም በጀበና አፍልተን እናቀርባለን፤ ጀበናውን የጠፈጠፈችውን ሴት ግን በደጃችን እናቆማታለን። የእጇን ሥራ ከከንፈራችን አስጠግተን እርስዋን ከደጃፋችን ማራቃችን በምን ፍርድ ይደገፋል?

ይህ ንቀት ከሃይማኖትም ከታሪክም ድጋፍ የለውም። በብሉይ ኪዳን የድንኳኑን ሥራ የሠራው ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስ ጥበብን የተመላ ሰው ነበር፤ ነሐስና እንጨት መሥራቱም ከክብሩ አላጐደለበትም። ጌታችን ያደገው በጠራቢ ቤት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ ይኖር ነበር። መጽሐፈ ሲራክም አንጥረኛውንና ሸክላ ሠሪውን አንሥቶ፣ ያለ እነርሱ ከተማ እንደማይሠራ ያስተምራል። የአክሱምን ሐውልት ያቆሙ፣ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የፈለፈሉ ሰዎች ባለ እጆች አልነበሩምን? ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የብረት ሥራ ያሠሩት፣ ሴባስቶፖል የተባለውንም መድፍ እስከ መቅደላ ያስጐተቱት፣ አገር ያለ እጅ ሥራ እንደማይጸና ስላወቁ ነው። ዐፄ ምኒልክም በዘመነ መንግሥታቸው መጨረሻ ላይ ባለ እጆችን በሥራቸው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይናገራል። አዋጁ ግን በወረቀት ላይ ሲቀመጥ ስድቡ በአፍ ላይ ቀርቷል፤ ይህንን የሚያነሣው ደግሞ ሌላ አዋጅ ሳይሆን የሹሙ ጠባይ ነው።

እኔም ራሴ ከዚህ በደል ንጹሕ አይደለሁም። በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደልና ዳዊት ስማር ብራና የሚፍቁትን ሰው በቅርብ አይቻለሁ። መጽሐፉን ስናከብር ቆዳ ፋቂ ብለን በስውር እንስቅባቸው ነበር። ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከንባቡ ጋር አናጢነት ሲያስተምሩን፣ በዕረፍት ጊዜ ወደ ዘመዶቼ ስሄድ መላጊያዬን ከልብስ ሥር ሸሽጌ እገባ ነበር። ልጃችን ጸሐፊ ይሆናል ብለው ለላኩኝ ሰዎች ጠራቢ ሆኜ መታየቱን ፈርቼ ነበርና። ጸሐፊ ሆንሁ። ከዚያም በኋላ ጸሐፊነቴ ምን እንዳደረገ አንድ ቀን በዓይኔ አየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የደን ወረዳ የሚላክ ደብዳቤ እንዳረቅቅ ታዘዝሁ። ደኑ እየተመናመነ ስለ ሆነ፣ ያለ ፈቃድ እንጨት ይዞ የተገኘ ሁሉ እንጨቱ ይወረስበት የሚል ነበር። እኔም ቃሉን አሳምሬ ጻፍሁ፤ «እንጨትና የእንጨት ውጤት ሁሉ» የሚለውንም አሳክቼ ጨመርሁበት፤ ምሉእ እንዲሆን አስቤ ነው። ደብዳቤው ተፈርሞ ሄደ። በዓመቱ ለሌላ ሥራ ከሹማምንት ጋር ወደዚያው አገር ወረድሁ። በመንገድ ላይ ባለ አንድ ኬላ ጀርባ በርጩማዎች እንደ ማገዶ ተከምረው ዝናብ ሲመታቸው አየሁ። አብዛኞቹ ተሰነጣጥቀዋል፤ አንዳንዶቹም ሻግተዋል።

በአጠገቡ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ንብረታቸው እንዲመለስላቸው በየገበያው ቀን እየመጡ ይለምኑ እንደ ነበር ጠባቂዎቹ ነገሩኝ። ሰላምታ ሰጥቼ ጠየቅኋቸው፤ በአስተርጓሚም እንዲህ ሲሉ መለሱልኝ። «ልጄ፣ እነዚህ ከአንድ ዋንዛ የወጡ ናቸው። ዛፉ በነፋስ የወደቀ ነው፤ ከማሳዬ ዳር ነበር። ፈቃድ አውጣ ይሉኛል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ቢሮ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ስደርስም ለበርጩማ የሚሆን ፈቃድ የለም፣ ለጣውላ ብቻ ነው አሉኝ።» እንዲህ እያሉ ሳለ ጣውላ የጫነ መኪና መጥቶ ወረቀቱን አሳይቶ አለፈ። ሽማግሌው መኪናውን በዓይናቸው ሸኝተው እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፤ «ለመሆኑ ይህን ትእዛዝ የጻፈው ሰው በምን ላይ ተቀምጦ ጻፈው?»

መልስ አልነበረኝም። ጻፊው እኔ ነኝ ለማለትም ድፍረት አጣሁ። በርጩማዎቹ በኋላ ተመለሱላቸው፤ ነገር ግን ለገበያ የሚሆን አንድም አልቀረባቸውም። ልጃቸውም ሥራውን ትቶ ወደ ከተማ መሄዱን ሰማሁ። በዚያ ደብዳቤ የተጠበቀ ዛፍ ካለ ደስ ይለኛል፤ የጠፋውን ግን አውቀዋለሁ፤ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የነበረ አንድ ጥበብ ጠፍቷል።

ይህን ስል ክልከላው ያለ ምክንያት ወጣ ማለቴ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ እነዚህ ዛፎች እጅግ ተመናምነው ነበርና። ባለ እጆችም ሁሉ ቅዱሳን አይደሉም። ለጋ ዛፍ የሚቆርጥ፣ ግንዱን ወስዶ ቅርንጫፉን በየሜዳው የሚጥል፣ አንጥረኛ ነኝ እያለ ከሰል የሚነግድ ሰው አለ። ይህን መካድ ለባለ እጅ መሟገት አይሆንም።

ዳሩ ግን ደኑ የሄደበትን መንገድ ብንመረምር የጠራቢው ድርሻ ትንሽ ሆኖ እናገኘዋለን። ጠራቢ ዛፍ መርጦ አንዱን ይቆርጣል፤ ሌላው ቆሞ ይቀራል፤ ከአንዱም ግንድ ብዙ በርጩማ ያወጣል። ደን የሚያልቀው ግን ቦታው ሙሉ በሙሉ ተመንጥሮ ወደ እርሻ፣ ወደ ሰፊ የቡናና የሻይ ተክል ወይም ወደ መንደር ሲለወጥ ነው። በ1977 ዓ.ም. ከደረሰው ረሀብ የተነሣ ብዙ ሕዝብ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ ወለጋ በሠፈራ ተወስዶ ነበር። የተራበ ሰው መሬት ማግኘቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ሆኖም ያን ጊዜ የተመነጠረውን ደን የመነጠረው የበርጩማ ምሳር አይደለም። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ እኛም ታላቁን ነገር መያዝ ሲያቅተን አቅም በሌለው በጠራቢው ላይ ምሳራችንን እናበዛለን።

ስለዚህ ሕጉ እንዲላላ አልለምንም፤ ሕጉ እንዲለይ እለምናለሁ። ዛሬ የሚሠራበት የ1065/2010 የደን አዋጅ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ ለይቶ ያውቃል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም በጭሊሞና በቦንጋ ሕዝቡ ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ ደኑን በአንድነት የሚያስተዳድርበት ሥርዓት ተጀምሮ ወደ ሌላ አገር ተስፋፍቷል። መንገዱ እንግዲህ ተከፍቷል። የቀረው ባለ እጁ በዚህ መንገድ ላይ በስሙ ተጠርቶ እንዲገባ ማድረግ ነው። ለዚህም የሚረዱ ጥቂት ነገሮች እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የበርጩማ፣ የከበሮ፣ የገበታና የቀፎ ፈቃድ ከጣውላ ፈቃድ የተለየ ይሁን። ፈቃዱም የአንድ ቀን መንገድ በሚያስኬድ ቢሮ ሳይሆን በቀበሌ ይሰጥ። የሚቆረጠው ዛፍ በደን ሠራተኛና በአገር ሽማግሌ ፊት ምልክት ይደረግበት፤ በጽሑፉም የባለ እጁ ስም፣ የዛፉ ዓይነትና የሥራው ዓይነት ይግባ። እንደዚህ ከተደረገ በኬላ ላይ ያለው ጠባቂ ባለ እጁን ከዘራፊው ለመለየት አይቸገርም፤ ጉቦ ለመቀበልም ምክንያት አያገኝም።

ሁለተኛ፤ በነፋስ የወደቀ፣ ለመንገድ የተቆረጠ፣ ለቡና ጥላ ሲባል የተመለመለ እንጨት ወደ ማገዶ ከመሄዱ በፊት ለባለ እጆች ማኅበር ይታይ። ባለይዞታዎች ሆይ፣ በቡና ማሳችሁ ውስጥ የወደቀ ዋንዛ ሲኖር ከማቃጠላችሁ በፊት ጠራቢውን ጥሩት። ለእናንተ የአንድ ሳምንት ማገዶ የሚሆነው ለእርሱ የብዙ ወር ሥራ ይሆናል፤ ዋጋውንም ይከፍላችኋል።

ሦስተኛ፤ የቆረጠ ይትከል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ በየዓመቱ ብዙ ችግኝ ሲተከል እናያለን። ከዚያ ውስጥ ዋንዛ ድርሻ ይኑረው። ዋንዛ ለቡና ጥላ ይሆናል፤ ነጭ አበባው ንብ ይስባል፤ ከአገራችን ዛፎችም መካከል በእድገቱ የማይዘገይ ነው። ባሕር ዛፍን ዐፄ ምኒልክ ለከተማ ማገዶ ስለ ጠቀመ አስፋፉት፤ ለማገዶም ለአጥርም አሁንም ይጠቅማል፤ ነገር ግን በርጩማን አይተካልንም። ባለ እጁ ስለሚቆርጠው ስለ አንድ ዛፍ አሥር ተክሎ እስኪጸድቅ እንዲጠብቅ ውል ይግባ፤ የሚቀጥለው ፈቃዱም የጸደቀውን ችግኝ በማየት ይሰጥ። ልጁ በዚያ ሥራ የሚቆይ መሆኑን ካመነ፣ አባት ለልጁ ዛፍ ይተክላል። የሚቆይ መሆኑን ካላመነ ግን ለማን ብሎ ይተክል?

አራተኛ፤ ስለ ቀርከሃ። አገራችን የደጋና የቆላ ቀርከሃ ያላት፣ በቀርከሃዋ ስፋትም በአፍሪካ ከታወቁት አገሮች አንዷ ናት። ቀርከሃ ተቆርጦ ከሥሩ ስለሚያቈጠቍጥ ከዛፍ ሁሉ ይልቅ ለእጅ ሥራ ይመቻል። ይሁን እንጂ ሦስት ዓመት ያልሞላውን ለጋ ቀርከሃ መቁረጥ እርሻውንም ዕቃውንም ያበላሻል፤ እንጨቱ ስላልጠነከረ ነቀዝ ይበላዋልና። የጠናውን መርጦ መቁረጥ፣ የተቆረጠውንም ጥቂት ጊዜ በውኃ ዘፍዝፎ ማድረቅ ዕቃው እንዲቆይ ያደርገዋል። የእርሻ ባለሙያዎች ለገበሬው እንደሚያስተምሩት ሁሉ ይህንንም ለቀርከሃ ሠሪው ያስተምሩ።

አምስተኛ፤ ስለ ጭቃ ጉድጓድ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ከሆነበት ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ በይዞታ ሲከፋፈል የሸክላ አፈር የሚገኝበት ቦታ በብዙ አገር ለአንድ ሰው ይዞታ ሆኖ ተሰጥቷል። ከዚያ በፊትም ባለርስቱ የመከልከል ሥልጣን ነበረው። ስለዚህ ሸክላ ሠሪዋ በሁለቱም ዘመን ለማኝ ሆና ኖራለች፤ አፈር ለመቆፈር ታስፈቅዳለች፣ ትከፍላለች፣ አንዳንዴም ትባረራለች። የወረዳ ሹማምንት የሸክላ ጉድጓዶችን ቆጥረው በመዝገብ ያስገቡ፤ ሴቶቹም በማኅበር ሆነው የሚቆፍሩበት የጋራ ቦታ ተብሎ ይከለልላቸው። ጉድጓዱ ለከብት አደጋ እንዳይሆን ቆፍረው ሲጨርሱ የመድፈን ግዴታ ይኑርባቸው።

ስድስተኛ፤ ስለ አንጥረኛው ከሰል። አንጥረኛ ያለ ከሰል አይሠራም። ከሰልን ጨርሶ ብንከለክለው በስውር ያከስላል፤ በስውር የሚያከስል ሰው ደግሞ ዛፍ አይመርጥም። ስለዚህ ተቆርጦ የሚያቈጠቍጥ ዛፍ የሚተክልበት ትንሽ መሬት ለአንጥረኞች ማኅበር ይሰጥ፤ ከሰላቸውም ከዚያ ይሁን።

ሰባተኛ፤ ገበያው ከራሳችን ይጀምር። ወደ ብዙ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ስንገባ ከሩቅ አገር የመጣ የፕላስቲክ ወንበር እናያለን፤ ሲሰበርም ይጣላል። በደጁ ግን ጠራቢው በርጩማውን ይዞ ገዥ አጥቶ ይመለሳል። የጽሕፈት ቤት መቀመጫ፣ የትምህርት ቤት አግዳሚ፣ የእንግዳ መቀበያ ጀበናና ቅርጫት ከአገር ባለ እጆች በደረሰኝ ይገዛ። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ መንግሥት ለሕዝቡ የሚያሳየው የምስክርነት ቃል ነው።

ስምንተኛና ከሁሉ የሚበልጠው፤ ክብር ነው። ሹም በሕዝብ ፊት የሚያደርገው ነገር ከአዋጅ ይልቅ ይሰማል። በስብሰባ አንጥረኛው ከፊት ይቀመጥ። ሹሙ በገበያ ቀን ወደ ሸክላ ሠሪዋ ቤት ገብቶ ቡናዋን ይጠጣ፤ ይህን አንድ ጊዜ ያየ አገር ብዙ ስብከት አያሻውም። በሥራው ምክንያት የተሰደበ ሰው ሲከስ ነገሩ እንደ ተራ ጠብ በዕርቅ አይሸፈን፤ በፍርድ ይታይ። በየትምህርት ቤቱም የአገሩ ጠራቢና አንጥረኛ እየተጠሩ ለልጆች ሥራቸውን ያሳዩ፤ ስለዚህም ድካማቸው አበል ይታሰብላቸው።

አንዳንድ ሰዎች፣ «ዘመኑ የፋብሪካ ነው፤ በርጩማና ጀበና ላገር ልማት ምን ይረዳል?» ይሉ ይሆናል። የፋብሪካን ጥቅም አልክድም። ነገር ግን ፋብሪካ ባልደረሰበት ደን ውስጥ መሬት የጠበበው ወጣት የሚኖርበት ሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ ወይ ደኑን መንጥሮ ያርሳል፣ ወይም ከደኑ ጥቂት እየወሰደ በእጁ ጥበብ ዋጋውን ያበዛል። ከአንድ ግንድ ማገዶ የሚሸጥ ሰው የሚያገኘው የአንድ ቀን ዋጋ ነው፤ ከዚያው ግንድ በርጩማ የሚጠርብ ሰው ደግሞ የብዙ ሳምንት እንጀራ ያገኛል። እንግዲህ የእጅ ጥበብ ማለት ከትንሽ እንጨት ብዙ ዋጋ ማውጣት ነው። ደን እየጠበበ በሚሄድበት አገር ከዚህ የሚሻል የቁጠባ ትምህርት የት ይገኛል?

ሌሎችም፣ «ንቀቱ የቆየ ልማድ ነው፤ በእኛ ዘመን አይለወጥም» ይላሉ። እኔ ግን መላጊያ የሸሸገ ልጅ ሆኜ ይህን ነገር አይቼዋለሁ። ያን ጊዜ ከዘመዶቼ አንድ የተከበረ ሰው ወጥቶ፣ «አምጣው እስቲ፣ የሠራኸውን እንይ» ቢለኝ ኖሮ አልሸሽገውም ነበር። ያን ቃል የሚናገር አንድ ሰው ነበር የጐደለው። በየወረዳው ያንን ሰው ለመሆን የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

ስለ እኔ በደል ደግሞ የቻልሁትን አድርጌአለሁ። ከዚያ ጉዞ ወዲህ ስለ እንጨት ጉዳይ ደብዳቤ ባረቀቅሁ ቁጥር «የእንጨት ውጤት ሁሉ» የሚለውን ቃል አልጽፍም፤ ጣውላውን ጣውላ፣ ከሰሉን ከሰል፣ በርጩማውን በርጩማ ብዬ ለይቼ እጽፋለሁ። ትንሽ ነገር ናት፤ ሆኖም በኬላ ላይ ላለ ሰው ትልቅ ነገር ናት። እናንተም ከምትፈርሙበት ወረቀት ላይ ይህን ልዩነት እንድትመረምሩ እለምናለሁ። ያ ሽማግሌ የጠየቁኝን ጥያቄ እኔ አልመለስሁትም፤ ትእዛዝ ስትፈርሙ ግን የተቀመጣችሁበትን ዝቅ ብላችሁ ብታዩ መልሱን ታገኙታላችሁ።

የደኑን ጌታ የባለ እጆቹን እጅ ያጽና፤ አገራችንንም በጥበብና በልማት ያኑርልን።

ከግብርና ሚኒስቴር ጸሐፊዎች አንዱ